የበላኋቸው ሁለት ሽንብራዎች

የመጨረሻው እንግሊዝ በቅሎው ላይ ወጥቶ ከጋፋት የሄደ ዕለት አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። በቋንቋው ተሰናበተኝ። እኔም እንደ ልማዴ ቃሉን ላስተረጉም ዘወር ብል የሚሰማኝ አንድ ሰው የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ሆኜ ኖሬ፣ ያን ቀን አፌ የራሴ ሆኖ ተመለሰልኝ። ምን እንደማደርግበት ግን አላውቅም ነበር።

አሁን ደብረ ታቦር ገበያ ስወጣ የሚያውቁኝ ሁሉ "ደብተራ ስንሻው፣ እስቲ እንግሊዝኛ ተናገርልን!" እያሉ ያላግጡብኛል። ስለ መንኮራኩሩ፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ፈረንጆቹ ጢም እንዳወራላቸው ነው የሚፈልጉት። እሱን የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ ሽንብራ ነው። ምን ያስቃችኋል? ሁለት ሽንብራ በልቼ ከሰው ጋር ታስሬያለሁ፤ ምላሴንም ያተረፍሁት ለጥቂት ነው።

እንግሊዝኛን ያስተማሩኝ አለቃ ተድላ ናቸው። እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ እሳቸው ከኢየሩሳሌም ተመለሱ። እዚያ ከእንግሊዞች ጋር ብዙ ዘመን ተቀምጠው ቋንቋውን አብጠርጥረው ያወቁ ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ። ሲስቁ ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የሳቁት በእኔ ነው። እኔ ደግሞ ግዕዙን አውቃለሁ፣ አማርኛውን ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼዋለሁ፣ ሦስተኛ ቋንቋ ምን ያቅተኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ። አቃተኝ!

ያቃተኝ ትልልቁ ቃል አይደለም፤ የትንንሾቹ ቃላት መቀመጫ ነው። በእኛ አነጋገር ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። "ምናልባት"ም፣ "ገና"ም፣ "ፈጽሞ"ም ከፊቱ ተሰልፈው ይጠብቁታል። እንግሊዝ ግን ግሡን ከፋፍሎ ነው የሚያስገባው፤ ትንሿን ቃል መሀሉ ላይ ይወሽቃታል። አለቃ ይህን ሲያስረዱኝ መሬት ላይ ሦስት እንጨት ደረደሩ።

"ይኸ ትልቁ ጌታው ነው፤ ዋናው ግሥ" አሉኝ። "እነዚህ ሁለቱ ከፊቱ የሚሄዱ አጋፋሪዎቹ ናቸው። ትንሿ ቃል የት ትገባለች?"

"ከሁሉም ፊት ነዋ፣ የኔታ።"

"ከፊት አይደለም!" ብለው ከመቀነታቸው አንዲት ሽንብራ አወጡና በመጀመሪያውና በሁለተኛው አጋፋሪ መካከል አስቀመጧት። "የመጀመሪያውን አጋፋሪ ተከትላ ሹልክ ትላለች። አጋፋሪ ከሌለ ጌታው ፊት ትቆማለች። 'ነው' የሚለው ግሥ ብቻውን ሲመጣ ግን ከኋላው ትሆናለች። በጌታውና ጌታው በሚይዘው ነገር መካከል ፈጽሞ አትገባም። እንግሊዝ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ ለማለት ሲፈልግ 'ዘጋ ቀስ ብሎ በሩን' አይልም፤ በሩን ዘግቶ ሲጨርስ ነው 'ቀስ ብሎ'ን የሚያመጣት። ገባህ?"

አልገባኝም ነበር። "ገብቶኛል፣ የኔታ" አልሁ።

ሳቁ። የመጀመሪያዋ ሳቅ ያቺ ናት። ከዚያ በኋላ ሦስቱን እንጨት እስክጠላቸው ድረስ አንድ ክረምት ሙሉ ደረደርሁ።

ሲያስተረጉሙ የነበራቸውን ልማድ ግን እስክሞት አልረሳውም። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በቀኝ እጃቸው ሰባት ሽንብራ ይጨብጣሉ። እንግሊዙ ሲናገር ትንሽ ቃል ሹልክ ባለች ቁጥር አንዲት ሽንብራ ወደ ግራ እጃቸው ያሻግራሉ። ተናጋሪው ሲጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው በአማርኛ ይጀምራሉ፤ ትንሿን ቃል ባደረሱ ቁጥር ሽንብራዋን ወደ ቀኝ ይመልሳሉ። ግራ እጃቸው ባዶ ካልሆነ ነገሩ አላለቀም። መኳንንት ፊት ይሁን ገበሬ ፊት፣ ሰሚው ይቆጣ አይቆጣ፣ ግድ የላቸውም።

"ትልቁን ቃል ማንም ያደርሰዋል" ይሉኝ ነበር። "አንተ የተቀመጥኸው ለትንሿ ነው።"

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። አስተርጓሚ "እሱ እንዲህ አለ" አይልም። እንግሊዙ "አሞኛል" ካለ አስተርጓሚውም "አሞኛል" ነው የሚለው። የሰውየውን ቃል በራሱ አፍ፣ "እኔ" እያለ ይናገራል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ጣጣዬም የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጌታዬ ሣር ሰብሳቢ ነበር። በስመ አብ! ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ጢሙ የረዘመ ትልቅ ሰው ጉና ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሣር እየነቀለ በወረቀት መሀል ያስተኛል። ገበሬዎቹ "ለበቅሎው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አይ፣ ለመጽሐፍ ነው" ስላቸው አንዱ ፊቱን ሦስት ጊዜ አማተበ። እኔም በሆዴ አማተብሁ። ደመወዜ በዓመት አንድ ኩታና ጥቂት አሞሌ ጨው ነበር፤ እሱም ቢሆን አልቀረብኝም።

ሁለተኛው ጌታዬ ሐኪም ነበር። አንበሳሜ ላይ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው አሳዩት። ሐኪሙ እግሩን አስሮ ሲጨርስ "ገና አይራመድም" አለ። እኔ ቸኩዬ "አይራመድም" አልሁ። ሚስትየዋ እሪ ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። ሐኪሙ ደነገጠ፣ እኔ ደነገጥሁ፣ ሰውየው ራሱ እንባው መጣ። በዚያ በኩል ሲያልፉ የነበሩት አለቃ ተድላ ከበሩ ላይ ሆነው "ገና! ገና አይራመድም ነው ያለው! ሁለት ወር ቆይቶ ይራመዳል!" ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ተነሥታ እኔን የምትመታበት ዱላ ስትፈልግ አለቃ ለሁለተኛ ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ግን ብዙ አልቆዩም። ሰባት ሽንብራ መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጉልኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ያለ እነዚህ አፍህን እንዳትከፍት" አሉኝ።

አልከፈትሁም። ሽንብራዎቹን ይዤ ጋፋት ገባሁ። እዚያ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ፈረንጆች ብረት ያቀልጣሉ፣ ሠረገላ ይሠራሉ። እኔ የተመደብሁለት ሙሴ ቶማስ የሚባል ብረትና ነሐስ ሠሪ ነበር። እጁ የተባረከ፣ ልቡ ቅን ነው። አነጋገሩ ግን ያሳብዳል! ምንም ነገር በእርግጥ አይናገርም። ጠዋት "ፀሐይ ወጣች?" ብትለው "ሳትወጣ አልቀረችም" የሚል ሰው ነው። በእያንዳንዱ ግሥ መሀል "ምናልባት"፣ "አብዛኛውን ጊዜ"፣ "ለጥቂት" ይወሽቃል። ግራ እጄ ሽንብራ እንደሞላ ይውላል።

ሰዉ ደግሞ ይህን አይወድም። ማረሻውን ሊያሠራ የመጣ ገበሬ "ምናልባት ይሆናል" ሲባል "ካልቻለ አልችልም አይልም?" ብሎ ይነጫነጫል። እኔን ነው የሚያየኝ፤ አፉ እኔ ነኛ። ቀስ በቀስ አንዷን ሽንብራ ወደ ቀኝ ስመልሳት ቃሏን መተው ጀመርሁ። ቀጥሎ ሁለቱን። "ስንሻው ሲያስተረጉም ፈረንጁ ወንድ ይሆናል" እየተባለ መወራቱን ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም አልፌ ሄድሁ። በአገራችን ክብደት ያለው ቃል በመሐላ ነው የሚጸናው፤ እናም የሙሴ ቶማስን ቃል "ንጉሥ ይሙት!" እያልሁ ማጽናት ጀመርሁ። ብዋሽ ንጉሥ ይሙት ማለት ነው። በዚህ ምሎ የዋሸ ሰው ጠቡ ከባላጋራው ጋር አይደለም፣ ከንጉሥ ጋር ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የምምለው! ማረሻውም ምኑም እየተሳካ ስለሄደ ማንም አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ከጉና ሥር ካለች የሚካኤል ደብር ቄሰ ገበዝ ውብነህ መጡ። ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ነው፤ ቁልፉ ከወገቡ አይለይም። አራት ሰዎች የነሐስ ደወል ተሸክመውላቸው መጥተው ግቢው ውስጥ አስቀምጠውት ከአጥሩ ውጭ ሲያርፉ፣ እሳቸው ብቻቸውን ከደወሉ ጋር ቀሩ። ደወሉ ተሰንጥቋል። ቢመቱት እንደሚያስል ሽማግሌ ነው ድምፁ። ከገደሉ ማዶ ያሉት ቤቶች ቅዳሴ መግባቱን መስማት ከተዉ ቆይተዋል።

ሙሴ ቶማስ ደወሉን ዞሮ ዞሮ አየው፣ በጣቱ ቆረቆረው፣ ጆሮውን ለጠፈበት። ከዚያ ተናገረ። ቃሉ አንድም አልጠፋኝም፤ "እሳት ላይ አግዬ ስንጥቁን በነሐስ እሞላዋለሁ፤ ምናልባት ይይዛል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ትልቅ ፈጽሞ ሞክሬ አላውቅም" ነው ያለው። ሁለት ትንንሽ ቃላት ናቸው። ሁለት ሽንብራ ወደ ግራ እጄ ተሻገሩ።

"ምን አለ፣ ልጄ?" አሉኝ ቄሰ ገበዝ። ከዓይኔ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

አየኋቸው። ከጉና ድረስ በእግራቸው ወርደው እግራቸው አብጧል። "ምናልባት" ብላቸው ደወሉን አሸክመው ይመለሳሉ ብዬ አሰብሁ። ማን ጠየቀኝ? እኔው ለእሳቸው አሰብሁላቸው።

"እሞላዋለሁ፤ ይይዛል" አልሁ።

"ሳይሰበር?"

"ንጉሥ ይሙት፣ ይይዛል!"

ፊታቸው በራ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ለሙሴ ቶማስ እጅ ነሡ፣ እኔን ባረኩኝ፣ ደወሉን ትተው ሄዱ። እኔ ግራ እጄን ብገልጠው ሁለቱ ሽንብራዎች ተቀምጠዋል። አየኋቸው። አሁንም ቢሆን ሮጬ ብደርስባቸው እችል ነበር፤ ገና ወንዙን አልተሻገሩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሽንብራዎቹን አፌ ውስጥ ጨምሬ ቆረጣጠምኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ እሳት ገባ። ወናፍ ነፊዎቹ ላብ በላብ ሆነዋል። ደወሉ ቀላ፤ ሙሴ ቶማስ እጁን አንሥቶ "ቀስ!" አለ። በብረት ይዘው ሊያዞሩት ትንሽ ነቅነቅ ቢያደርጉት ተፈረፈረ። ነሐስ ሲግል እንዲህ መሆኑን እኔ የት አውቄ! እንደ ደረቀ ዳቦ ነው የተቆራረሰው። ድምፅ እንኳ አላወጣም። ያን ያህል ዘመን ሲጮህ የኖረ ደወል ሲሞት ጭጭ አለ።

ሙሴ ቶማስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ ቀና ብሎ "እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነግረናቸዋል፤ አይደል?" አለኝ።

ዓይኔን ወደ ስብርባሪው መለስሁ።

"ነግረሃቸዋል፤ አይደል?" አለ እንደገና።

ግራ እጄን ከኩታዬ ሥር ደበቅሁ። ሙሴ ቶማስ ደንግጦ ያየኝ አስተያየት ዛሬም ይታየኛል።

ወሬ ከሰው ቀድሞ ጉና ደረሰ። ከወናፍ ነፊዎቹ አንዱ የዚያ አገር ሰው ነበርና፣ አማርኛ ከሚሞካክር ሌላ ፈረንጅ ሰምቶ "ፈረንጁ ከመጀመሪያውም ሊሰበር ይችላል ብሎ ነበር አሉ" ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ ቄሰ ገበዝን ከበበ። እሳቸው "ፈረንጁ በንጉሥ ሞት ማለልኝ" ብለው ነግረውት ነበራ! ታዲያ ማን ዋሸ? ገበዙ ዋሹ ተባለ። ባልተማለ መሐላ አታለሉን ተባለ። ሠላሳ ዓመት ወገባቸው ላይ የነበረውን ቁልፍ ፈትተው ወሰዱባቸው።

ጋፋት የደረሱት ያለ ቁልፍ ነው። ለሚታደሰው ደወል ያስገመዱት አዲስ ጠፍር ግን ትከሻቸው ላይ ነበር፤ የት ይተዉት? ስብርባሪውን አዩ፣ አንዷን ስባሪ አንሥተው ሳሙ። ከዚያ ሙሴ ቶማስን አልፈው ወደ እኔ መጡ። የኩታዬን ጫፍ ያዙና ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

ይህ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ልብሳቸው ተቋጥሮ አብረው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የፈታ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው።

"ኧረ አባ!" አልሁ። "ፈረንጁ እያለ እኔን? እኔ እኮ አፍ ብቻ ነኝ!"

"ፈረንጁ ሲናገር ነፋስ ነው የሰማሁት" አሉኝ። "የማልህልኝ አንተ ነህ።"

ዳኛው ያን ሰሞን አንበሳሜ ወርደው ነበር። ሁለት ቀን ተቋጥረን ሄድን። ሳቅ የሚያመጣው ነገር አልቀረም፤ እሳቸው ሲቀመጡ እቀመጣለሁ፣ እኔ ቁጥቋጦ ጥግ ስሄድ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ፣ መንገደኛው ሁሉ "ምን አድርጎ ነው?" እያለ ይጠይቃል። እሳቸው አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ቀለለኝ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት የከበደኝ ነገር ቀለለኝ። ውሸታም ተብዬ ነው የቀለለኝ፣ ልጄ።"

ዳኛው ሾላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሙሴ ቶማስም ተጠርቶ በበቅሎ መጥቷል። እንዲያስተረጉሙለት የተጠሩት አለቃ ተድላ ናቸው። ሳያቸው ነፍሴ መለስ አለች። ሙሴ ቶማስ በአማርኛ ውሃ እንኳ መለመን አይችልም። በዚያ ሸንጎ ከእሱ ሌላ እንግሊዝኛ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና እሳቸው።

"ማን ነው የማለው?" አሉ ዳኛው።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አልሁ። "የማልሁት ግን በፈረንጁ አፍ ነው።"

"ፈረንጁ ምሎ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሳይምል ከማልህ የአንተ ነው። ይጠየቅ።"

ሙሴ ቶማስ ተጠየቀ። አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በልቤ "የኔታ፣ አንዲት ቃል ብቻ" እያልሁ ለመንሁ። 'ምናልባት' ብትጎድልላቸው 'ይይዛል' ያለው ፈረንጁ ይሆናል፣ መሐላዬም የእሱን ቃል ማጽናት ብቻ፤ እኔ ነፃ እወጣለሁ። ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፣ ልጃቸው እኔ ነኝ። ሙሴ ቶማስ ተናገረ። አንዲት ሽንብራ ወደ ግራ እጃቸው ተሻገረች። ሁለተኛዋም ተሻገረች። በጭብጣቸው ውስጥ ሽንብራዎቹ ሲንኳኩ ሰማሁ።

ዓይናቸውን ገለጡ። "'ምናልባት ይይዛል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ትልቅ ፈጽሞ ሞክሬ አላውቅም' ነው ያልሁት" አሉ። "መሐላ የሚባል ከአፌ አልወጣም።" ግራ እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን ለዳኛው አሳዩ። እኔን አላዩኝም።

እግዚኦ! ቋጠሮው ባይዘኝ በሩጫ እጠፋ ነበር።

"በንጉሥ ሞት በሐሰት የማለ ምላሱ ይቆረጣል" አሉ ዳኛው። ሁለት ወታደሮች ወደ እኔ ተንቀሳቀሱ።

"ጌታዬ!" አሉ ቄሰ ገበዝ። እስካሁን ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። "እኔ ምላሱን ሙሉውን ነው የምፈልገው። ተቆርጦ ማን ይነግርልኛል? ደብሬ ድረስ ይውጣ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ፈረንጁ ያለውን ሳያጎድል፣ እሱ የጨመረውንም ሳይደብቅ ለሕዝቡ ይናገር። ስሜን ይመልስልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።"

ዳኛው ወታደሮቹን በእጃቸው ገቱ። በመጨረሻ "ከሳሹ ካለ ይሁን። እስኪናገር ቁራኛው አይፈታ" ብለው ፈረዱ። ጅራፉ ግን አልቀረልኝም፤ እሱን አላወራውም።

ከሸንጎው ስንወጣ አለቃን በመንገድ ላይ አገኘኋቸው። "የኔታ" አልሁ፣ "አንዲት ቃል ቢውጡልኝ ምን ነበረበት?"

"ሽንብራዎችህን አሳየኝ" አሉኝ።

መዳፌን ዘረጋሁ። ቆጠሩ። "አምስት። ሁለቱስ?"

"በላኋቸው፣ የኔታ።"

በጣም ነው የደነገጡት። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። "በላሃቸው?" አሉ። "ጥለሃቸው፣ ጠፍተውብህ መስሎኝ ነበር እኮ። እያወቅህ?" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ከጉና ስትመለስ ሁለት እሰጥሃለሁ። ሳትናገር ከሆነ ግን አትመለስብኝ።" ስመለስ ሰጥተውኛል፤ እስከ መጨረሻው ቀን የሠራሁትም በእነሱ ነው።

ጉና የወጣነው ለእሑድ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቅዳሴ እስኪወጣ ከቄሰ ገበዝ ጋር ተቋጥሬ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምሁ። ሕዝቡ ሲወጣ አያቸው፤ ማንም ሰላም አላላቸውም። እሳቸው ቀና ብለው ቆሙ። ተናገርሁ። የሙሴ ቶማስን ቃል ከነ"ምናልባቱ"፣ ከነ"ፈጽሞው" ተናገርሁ። "መሐላው የእኔ ነው። ገበዙ የሰሙትን ነው የነገሯችሁ" አልሁ። ሽንብራ መብላቴንም ነገርኋቸው። ማንም አልሳቀም።

በጣም ያረጁ መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀረቡኝ። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ የደበቅኸን ይኸን ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማሆይ።"

"'ምናልባት'ን?"

"አዎ።"

"እኛ እኮ ገበዙን ስንልከው 'ምናልባት ካለም ተውለት' ብለነው ነበር። የተሰነጠቀ ደወል ይዘን ምን ልናደርግ? ገብሱን ስንዘራስ ያበቅላል ብሎ ማን ማለልን?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለዚህ ነው በንጉሥ ሞት የማልኸው? ለዚህ ነው ሰውየውን ውሸታም ያሰኘኸው?"

አንድ ሽማግሌ ቁልፉን አምጥቶ በቄሰ ገበዝ ወገብ ላይ መልሶ አሰረ። እልልታው ቀለጠ። እሳቸው ጎንበስ ብለው በብርድ በደነዘዙ ጣቶቻቸው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። ጠብቆ ስለነበር ብዙ ቆየ።

"አባ" አልሁ በሹክሹክታ፣ "እውነት ነው? ያን ቀን 'ምናልባት' ብልዎ ደወሉን ይተዉልን ነበር?"

"እተውላችሁ ነበር።"

"ታዲያ ሁለት ቀን አብረን ስንሄድ ለምን አልነገሩኝም?"

ቋጠሮው ተፈታ። ኩታዬን አራግፈው ትከሻዬ ላይ መለሱልኝ።

"መች ጠየቅኸኝ?" አሉኝ።